ስንቱ ተመለሰ?

ጋሼ ስለ ማንኛውም ንግድ ሲወራ የሚጠይቁት አንድ ጥያቄ ነው። መርካቶ ጨርቃ ጨርቅ ሲነግዱ የሸበቱ፣ አሁን ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ልጃቸው ዘንድ የሚኖሩ የባለቤቴ አጎት ናቸው። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቡና ተፈልቶ ወሬው ሲደራ፣ ከመካከላችን አንዱ «እገሌ የተባለው ኩባንያ ዘንድሮ ይህን ያህል ሚሊዮን ሸጠ» ካለ፣ ጋሼ ሲኒያቸውን ረከቦቱ ላይ ይመልሱና «ስንት እንደተጫነ ተወው፤ ስንቱ ተመለሰ?» ይላሉ። እኔም አንድ ቀን ስለ ስካይላንደርስ ሳጫውታቸው ይህችው ጥያቄ መጣችብኝ። ከዚያ ወዲህ ስለ መጫወቻና ስለ ቪዲዮ ጌም የማነበውን ሁሉ በእሷ መመዘን ለመደብኝ።

ስካይላንደርስን ለማያውቅ ላስረዳ። በፈረንጆቹ ጥቅምት 2011 ገበያ ላይ የዋለ ጌም ነው፤ የሠሩት ካሊፎርኒያ፣ ኖቫቶ የሚገኙት ቶይስ ፎር ቦብ የሚባሉ ጌም ሠሪዎች ሲሆኑ ለገበያ ያቀረበው አክቲቪዥን ነው። ሳጥኑ ሲከፈት ዲስኩ፣ ፖርታል የሚባል ክብ መድረክና ሦስት አሻንጉሊቶች ይወጣሉ። ከእያንዳንዱ አሻንጉሊት እግር ሥር ትንሽ ቺፕ ተቀብራለች። አሻንጉሊቱን ፖርታሉ ላይ ሲያቆሙት ያው ራሱ ቴሌቪዥኑ ውስጥ ነፍስ ዘርቶ ይነሳል። የለቀመው ሳንቲም፣ የደረሰበት ደረጃ፣ ልጁ ያወጣለት ስም ሳይቀር የሚቀመጠው እዚያችው ቺፕ ላይ ነው። ልጁ ጀግናውን ኪሱ ከትቶ ጓደኛው ቤት ቢሄድ፣ የጓደኛው ማሽን ሌላ ዓይነት ቢሆን እንኳ፣ ጀግናው ያፈራውን ሁሉ ይዞ እዚያም ይነሳል። እኔ ይህንን ሐሳብ ዛሬም አደንቀዋለሁ። የልጅ ድካም የማይጠፋበት ጌም ብዙ አላየሁም።

ገንዘቡ የሚገባበት መንገድም በብልሃት የተሠራ ነው። ሳጥኑ 70 ዶላር ገደማ፣ ለብቻው የሚሸጠው አሻንጉሊት ደግሞ 8 ዶላር ገደማ ነበር። የመጀመሪያው ጌም 32 ጀግኖች ነበሩት፤ በስምንት ወገን የተከፈሉ፦ የአስማት፣ የውሃ፣ የቴክኖሎጂ፣ የእሳት፣ የመሬት፣ የሕይወት፣ የአየርና የሙታን። መንገድ ላይ የእሳት ወገን ብቻ የሚከፍተው በር ይገጥማል፤ ትንሽ አልፎ የአየር ወገን ብቻ የሚከፍተው። ሳጥኑ ውስጥ የሚመጡት ሦስቱ የአስማት፣ የውሃና የቴክኖሎጂ ናቸው። የቀሩትን አምስት ወገኖች መግዛት ነው። በሮቹን ሳይከፍቱ ጌሙን መጨረስ ይቻላል፤ ዳሩ ግን የተዘጋ በር አይቶ ዝም ብሎ የሚያልፍ ልጅ ከየት ይመጣል?

የእኔ ልጅም አላለፈም። በ2012 ሁለተኛው ቅጽ ሲወጣ ትሪ ሬክስ የሚባል የዛፍ ግዙፍ ይዞ መጣ። መዳፍ የሚሞላ፣ ትከሻው ሰፊ፣ ቆዳው እንደ ግንድ የተሰነጣጠቀ ነው። ባትሪ የለውም፣ ሽቦ የለውም። ፖርታሉ ላይ ሲያርፍ ግን ከውስጡ ብርሃን በራ። ኃይሉን የሚያገኘው ከፖርታሉ ነው። ልጄ አንስቶ አጠፋው፣ መልሶ አኑሮ አበራው። ጌሙን ሳይጀምር ያንን ሲያደርግ አመሸ። እኔም አጠገቡ ቁጭ ብዬ አመሸሁ።

እና ለጋሼ «አንድ መቶ ሚሊዮን አሻንጉሊት» አልኳቸው። አክቲቪዥን በየካቲት 2013 በይፋ የተናገረው ነው፤ ጌሙ ከወጣ ዓመት ከጥቂት ወር ሳይዘልቅ ሽያጩ 1 ቢሊዮን ዶላር አልፎ ነበር። በ2015 ደግሞ 250 ሚሊዮን አሻንጉሊትና 3 ቢሊዮን ዶላር ተባለ። ጋሼ ሰምተው ሰምተው ያችኑ ጥያቄያቸውን ጠየቁኝ።

መልሱ ማታ ማታ ሥራ ቦታዬ ላይ ፊቴ ቆሞ ነበር። በዚያ ዘመን አንድ ትልቅ መደብር ውስጥ የሌሊት ተረኛ ሆኜ ዕቃ እደረድር ነበር። ከጓዳው መጋዘን በጋሪ እየገፋን አውጥተን መደርደሪያ እንሞላለን። ከዕቃው ሁሉ ፋታ የማይሰጡት እነዚህ ባለ አሻንጉሊት ጌሞች ነበሩ። ዲስክ ብቻ የሆነ ጌም ስስ ነው፤ ጠርዝ ላይ ተሰክቶ ይቀመጣል። እነዚህ ግን ሙሉ ግድግዳ ይፈልጋሉ። በየዓመቱ አዲስ ቅጽ ይመጣል፤ ከቅጹ ጋር አዲስ ሳጥን፣ አዲስ አሻንጉሊት፣ አብዛኛውን ጊዜም አዲስ ፖርታል። የአምናው ገና አልተነሳም፤ የዘንድሮው በር ላይ ቆሟል። የአምናውን ወዴት እናድርሰው?

ይህ ንግድ ከተራው የጌም ንግድ የሚለየው እዚህ ላይ ነው። አሻንጉሊቱ ቻይና ይመረታል፣ በኮንቴይነር ባሕር ያቋርጣል፤ ለገና ገበያ እንዲደርስ ከብዙ ወር በፊት መታዘዝ አለበት። የትኛውን ጀግና ልጆች እንደሚወዱት በዚያ ሰዓት የሚያውቅ የለም። ዲስክ ቢያልቅ በቶሎ ይታተማል፣ ቢተርፍም ጉዳቱ ቀላል ነው። አሻንጉሊት ግን ካነሰ ገና ያልፋል፣ ከበዛ ደግሞ ገንዘብህ ፕላስቲክ ሆኖ ታስሮ ይቀራል። በዚህ ላይ ኩባንያው ብዙ ጊዜ «ሸጥኩ» የሚለው ዕቃውን ለመደብሩ ሲያስረክብ ነው። ልጁ አቅፎት የተኛውም፣ መደብር ጓዳ የተከመረውም በአንድ ቁጥር ይጠራሉ። መደብሩ ዋጋ ቀንሶ ሲያወጣው ደግሞ ልዩነቱን ብዙ ጊዜ የሚሸከመው አቅራቢው ነው።

ይህንን ስነግራቸው ጋሼ ጉልበታቸውን መታ አደረጉ። «ሸጠህ ክፈለኝ ማለት እኮ ነው! እኛ ስናደርገው ኖረናል።»

እውነታቸውን ነው። የጌሙ ዓለም ራሱ በዚሁ መንገድ ከሞት ተርፏል። በ1983 የአሜሪካ የቪዲዮ ጌም ገበያ ወድቆ ነበር፤ መደብሮች ባልተሸጠ ዕቃ ተቃጥለው «ጌም» የሚለውን ስም መስማት አልፈለጉም። ኒንቴንዶ በ1985 ኒው ዮርክ ሲገባ ማሽኑን መጫወቻ አስመስሎ አቀረበው። ሮብ የሚባል፣ ክንዱን የሚያንቀሳቅስ ትንሽ ሮቦት ከሳጥኑ ጋር አመጣ። ለባለ መደብሮችም፣ የሸጣችሁትን ትከፍላላችሁ፣ ያልተሸጠውን እኛው እንወስዳለን አላቸው። ሮብ የተሠሩለት ጌሞች ሁለት ብቻ ናቸው፤ አዝጋሚ ስለነበር ልጆችም ቶሎ ተዉት። በዚህ ምክንያት ከከሸፉ መጫወቻዎች ተርታ የሚያሰልፉት ሰዎች አሉ፤ እኔ በፍጹም አልስማማም። ሮብ የተላከው በር እንዲያስከፍት ነው፤ አስከፈተ። ተከትሎት የገባው ማሽን የአሜሪካን የጌም ገበያ መልሶ አቆመ። አንድን ዕቃ አዋጣ ወይም ከሰረ ለማለት መጀመሪያ ለምን እንደተላከ ማወቅ ያስፈልጋል።

ያልተሸጠ ዕቃ ሲነሳ ግን ቀድሞ የሚታወሰኝ ሀልክ ነው፤ እሱን ሳነሳ ዛሬም ያመኛል።

ዲዝኒ በነሐሴ 2013 ዲዝኒ ኢንፊኒቲን አወጣ። ሠሪዎቹ ሶልት ሌክ ሲቲ የነበሩት አቫላንሽ ሶፍትዌር ናቸው። ስካይላንደርስ አብዛኞቹን ማንም የማያውቃቸውን ፍጥረታት ይዞ ቢሊዮን ካስገባ፣ ልጅ ሁሉ የሚያውቃቸውን ጀግኖች የያዘ ኩባንያ ምን ያህል ሊያስገባ ነው? ሒሳቡ ያማልላል። መጀመሪያውም ሰመረ፤ በጥቂት ወራት 3 ሚሊዮን ሳጥን ተሸጠ ተባለ። በ2014 የማርቭል ጀግኖች የገቡበት ሁለተኛው ቅጽ መጣ፤ ከእነሱ አንዱ ሀልክ ነው። ብዙ ተመረተ። ሁለት ሚሊዮን ያህል ሀልክ ተሠርቶ የተሸጠው ግማሹ ብቻ እንደነበር በኋላ ተዘግቧል።

እኔ ሪፖርቱን ከማንበቤ በፊት ካርቶኑን አውቀው ነበር። ጓዳው ጥግ፣ ከታችኛው ተራ፣ ገና ያልተከፈተ፣ በላዩ ሌላ ያልተከፈተ። የተከፈተውን ስታየው ሀልኮቹ በጠራ ፕላስቲክ ውስጥ ጎን ለጎን ቆመው፣ አንዱ ቡጢ ከሌላው ቡጢ ተጠግቶ። ሥራው ግሩም ነበር። የክንዱ ጡንቻ፣ የግንባሩ መሸብሸብ፣ የቀለሙ ጥራት፣ አንድ ሰው ተጨንቆበት ሲቀርጸው እንደሰነበተ ያስታውቃል። የዋጋ ቅናሽ ተለጣፊ እየለጠፍን መደርደሪያው ጫፍ አወጣነው፤ በማግስቱ በላዩ የባሰ ቅናሽ ለጠፍን። ሌሎቹ ጀግኖች ይነሳሉ፤ ሀልክ ይቀራል። ተፈላጊነት ጠፍቶ አይመስለኝም። የፈለገው ሁሉ አንዴ ገዝቶታል፤ ሁለተኛ ሀልክ ምን ያደርግለታል?

በግንቦት 2016 ዲዝኒ ጌሙን አቋረጠ፤ በሒሳቡ ላይ 147 ሚሊዮን ዶላር ኪሳራ መዘገበ፣ አቫላንሽን ዘጋ። ወደ 300 የሚጠጉ ሠራተኞች ሥራ አጡ። እነዚህ ሰዎች ጥሩ ጌም ሠርተው ነው ሥራቸውን ያጡት፤ በትርፍ ካርቶን ምክንያት። በዚህ ነገር አሁንም ሆዴ አይቆርጥም። (ዋርነር በሚቀጥለው ዓመት ስሙን ገዝቶ ቤቱን መልሶ ከፈተው። በ2023 የወጣውን የሃሪ ፖተር ዓለም ጌም ሆግዋርትስ ሌጋሲን የሠሩት እነሱው ናቸው፤ ይህ ትንሽ ያጽናናኛል።)

የሌሎቹን በአጭሩ ልለፈው። ሌጎ ዳይሜንሽንስ በ2015 በ100 ዶላር ሳጥን መጣ፣ በ2017 ቆመ። ስካይላንደርስም ከ2016ቱ ቅጽ ወዲህ አዲስ የኮንሶል ጌም አላወጣም። ዩቢሶፍት በ2018 ስታርሊንክ የሚባል፣ የጠፈር መርከብ ቅርጽ ያለው መጫወቻ መቆጣጠሪያው ላይ የሚሰካበት ጌም አወጣ፤ ስድስት ወር እንዳለፈ አዲስ መጫወቻ እንደማያመርት ተናገረ። ከሁሉም የሚያስፈራው ግን ቲኤችኪው የሚባለው የጌም ኩባንያ ታሪክ ነው። ዩድሮው የሚባል የሥዕል ሰሌዳ ለኒንቴንዶ ዊ አወጡ፤ ከ1 ሚሊዮን በላይ ተሸጠ። በዚያ ተበረታተው በ2011 ለፕሌስቴሽን 3ና ለኤክስቦክስ 360 ደገሙት፤ 1.4 ሚሊዮን ሰሌዳ ሳይሸጥ ተረፈ። የዚያ ገና ገቢያቸው ከጠበቁት በ100 ሚሊዮን ዶላር ገደማ አነሰ። በታኅሣሥ 2012 ኩባንያው ኪሳራ አውጆ ፍርድ ቤት ገባ። ያው ሰሌዳ አንዴ ተአምር ተብሎ ነበር።

አሚቦ የሚባለው የኒንቴንዶ አሻንጉሊት ግን እስካሁን አለ። በ2014 መጨረሻ ሲጀመር ስካይላንደርስን ተከትሎ የመጣ ነው ተባለ፤ ልዩነቱን ያየሁት ደርዳሪ ሆኜ ነው። አሚቦ የራሱ የሆነ ግዙፍ ሳጥን የለውም፣ በየዓመቱ አዲስ ፖርታል አይጠይቅም፣ ብዙ ጌሞች ውስጥ ትንሽ ትንሽ ነገር ይከፍታል። ጌሙ የሌለውም ሰው ለመደርደሪያው ጌጥ ብሎ ይገዛዋል። ጥቂት ጥቂት ስለሚመጣ አንዳንዱ ካርቶን ገና ሳይወርድ ያልቃል፤ እንደ ማርዝና እንደ ቪሌጀር ያሉትን ፍለጋ አዋቂ ሰዎች ከንጋቱ በር ላይ ተሰልፈው ጠብቀውናል። ተቆጥተው የሄዱም አሉ። ያ ቁጣ ለኒንቴንዶ ከትርፍ ካርቶን ይሻላል ባይ ነኝ።

አሁን ወደ እቴቴ ልጆች ልምጣ። አዲስ አበባ ያለችው ታላቅ እህቴ ሁለት ወንዶች ልጆች አሏት። የሰፈሩ ፕሌስቴሽን ቤት በየተራው እየከፈሉ ኳስ ሲጫወቱ ይውሉ ነበር፤ አባታቸው በኋላ ያገለገለ ፕሌስቴሽን 3 ገዛላቸው። ስካይላንደርስ ለእነሱ የተሠራ መሰለኝ። ፕሌስቴሽን ቤት ውስጥ ልጅ የደከመበት ሁሉ የባለቤቱ ማሽን ላይ ይቀራል፤ ቀጥሎ የሚገባው ያጠፋዋል። ድካሙን ኪሱ ይዞ የሚወጣበት ጌም ለዚያ ሰፈር ልጅ ምንኛ ይበጃል! ሠሪዎቹ ይህንን አስበው አልሠሩት ይሆናል፤ ግን ለእነዚህ ልጆች ልክክ ይላል።

ያገለገለ ዕቃ ከሚሸጥ ሱቅ አንድ ትልቅ ከረጢት አገኘሁ። ዲስኩ አለ፣ ፖርታሉ አለ፣ አሻንጉሊቱ ታጭቋል፤ ከላዩ «ሙሉ ነው» የሚል ወረቀት ተለጥፎበታል። ከረጢቱ ታሽጎ ስለሚሸጥ ሳይከፍሉ መክፈት አይቻልም። ቤት ገብቼ ስፈታው ሪሲቨሩ የለም። የመጀመሪያው የፕሌስቴሽን ፖርታል ያለ ሽቦ ነው የሚሠራው፤ ማሽኑ ዩኤስቢ ላይ የምትሰካ የጣት ጫፍ የምታህል ሪሲቨር አለችው። እሷ ከሌለች ፖርታሉ ምንም አያይም። ሱቁ የተሸጠ አይመለስም አለኝ። ኢንተርኔት ላይ ሪሲቨሯ ብቻዋን ከጠቅላላው ከረጢት በላይ ተጠየቀባት። ባልቲሞር አንድ ሰው አለኝ አለ፤ በስልክ የፕሌስቴሽን መሆኑን ደጋግሜ ጠይቄው፣ አዎ ብሎኝ፣ በዝናብ ነድቼ ስደርስ የኤክስቦክስ ፖርታል ይዞ ወጣ። «ፖርታል ያው ፖርታል ነው» ይለኛል። አሻንጉሊቱ የትኛውም ማሽን ላይ ይሠራል፤ የኤክስቦክስ ፖርታል ግን ከፕሌስቴሽን ጋር አይነጋገርም። ባዶ እጄን ተመለስኩ። በመጨረሻ አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ልጇ ካደገ ወዲህ ያስቀመጠችውን ፖርታል ከነሪሲቨሩ አምጥታ ሰጠችኝ፤ ዋጋ አልቀበልም አለች።

ዕቃውን የሚወስዱልኝ የጋሼ ጎረቤት የሆኑ እናት ነበሩ። ደላስ አውሮፕላን ማረፊያ ሻንጣቸው ሚዛን ላይ ሲወጣ ከ23 ኪሎ አለፈ። እንደ ልማዳችን ወለሉ ላይ ከፈትነው። ቡና ማሽን ይውጣ? ለታማሚ የታዘዘ መድኃኒት ይውጣ? አሻንጉሊቶቹ ወጡ። እማማ አንዱን ዘንዶ አንስተው አገላብጠው አዩና «ልጄ፣ ይኼንን መጽሐፍ ቅዱሴ ጎን አታድርግብኝ» አሉ። ከኋላችን ተሰልፎ የነበረ ወጣት እፍኝ ያህሉን ቦርሳው ውስጥ ከተተ። ሌላ እናት ደግሞ ደርዘን ያህል በእጅ ቦርሳቸው ያዙልን፤ ቦሌ ሲደርሱ ለእማማ ሊያስረክቡ ተስማማን።

ወጣቱ አስረከበ። እናቲቱ ግን ቦሌ ላይ በሕዝቡ መካከል ተጠፋፉና በዚያው ወደ ጎንደር በረሩ። ስልካቸው ተገኝቶ ሲደወልላቸው አሻንጉሊቶቹ የልጅ ልጆቻቸው እጅ ገብተዋል። ፖርታል የላቸውም፣ ጌም የላቸውም፤ ግን ከልጆቹ እጅ ማስጣል አልተቻለም። እቴቴ «ተዋቸው፣ ይጫወቱበት» አለችኝ፤ እኔም ያንኑ ልል ነበር።

ያንን ሳምንት የእህቴ ትንሹ ልጅ ደወለ። «አጎቴ፣ የእሳቱ በር አልከፈት አለን። ሁሉንም ሞከርን።» ከኋላው ታላቅየው «የእሳት የለንም በለው!» እያለ ይጮሃል። የእሳት ወገኖቹ በሙሉ ጎንደር ሄደዋል። ጌሙ ከወጣ ስንት ዓመቱ፣ ግድግዳው ከመደብር ከወረደ ስንት ዓመቱ፤ በሩ ግን ያኔ ልጄን እንደያዘው የእቴቴን ልጆችም ይዟቸዋል። ኢራፕተር የሚባለውን፣ ከቀለጠ ድንጋይ የተሠራውን የእሳት ጀግና ያገለገለ ፈልጌ በ3 ዶላር አገኘሁት። ከዚያች 3 ዶላር ለሠሪዎቹ የምትደርስ ሳንቲም የለችም፤ በየትኛውም ኩባንያ ሒሳብ ላይም አትጻፍም። ሰኞ ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው ተገኝቷል።